ባለ ሁለት ቁልፍ ቤት

በቁልፎቼ መካከል ምንም የማይከፍት አንድ ቁልፍ አለ። ትንሽ ነው፤ ጥርሱም አልቋል። ሰው ሲያየው «ይሄ ደግሞ የምን ነው?» ይለኛል። «የእናቴ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው መስከረም ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስሄድ ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ላይ ሰው ለመጫን ቆመ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና መንገድ ዳር ከተደረደሩት ማዳበሪያዎች የእርጥብ ከሰል ሽታ በመስኮቱ ገባ። ይሄኔ እጄ ሳላዘው ቦርሳዬ ውስጥ ዘው ብሎ ያንን ቁልፍ ጭብጥ አደረገ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሌባ ያየሁ መስሏት የራሷን ቦርሳ እቅፍ አደረገች። ምን ልበላት? «አይዞሽ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ የዋሸሁት ውሸት ትዝ ብሎኝ ነው» አይባል ነገር።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ነው። ቀያችን በጥሊሊ በኩል ከአስፋልቱ ወጥተው ዳገቱን ሲይዙት ነው፤ ከእንጅባራ በእግር ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እስከ ስምንተኛ እዚያው ተማርሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ከተማ ነው። በእኛ አገር ልጅ እዚህ ሲደርስ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ይወጣል፤ እሑድ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይወርዳል። ትናንት እናቱ ቀሚስ ሥር የነበረ ልጅ ባንድ ቀን ባለቤት ይሆናል፤ ያበስላል፣ ያጥባል፣ በሩን ይቆልፋል።

አባቴ እትዬ ዘነቡ ከሚባሉ ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየልኝ። ክፍሏ አልጋውን፣ የከሰሉን ማዳበሪያና እኔን ከያዘች በኋላ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበራትም። አልጋው አባቴ ከቀርከሃ የሠራው ነው፤ ገና እርጥብ ስለነበር በተገላበጥሁ ቁጥር ይጮሃል። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ከመስኮቱ በላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ይችን ቀዳዳ አትርሱብኝ፤ ጉዴ ያለው እሷ ላይ ነው።

አባቴ ከሱቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዝቶ መጣ። ሁለት መክፈቻ ነበረው። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ሁለተኛውን ኪሱ ሊከት ሲል እናቴ እጇን ዘረጋች። ተቀበለችውና ከአንገቷ ማተብ ላይ፣ ከመስቀሏ ጎን አሰረችው። እናቴ ወሬ አታበዛም፤ ሌላው በአፉ የሚለውን እሷ በእጇ ትሠራዋለች። ሲለያዩ የሌሎቹ ልጆች እናቶች እያለቀሱ ጉንጭ ይስማሉ፤ የእኔዋ ግን የሹራቤን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆልፋ፣ አልጋውን ይጠነክር እንደሆነ ነቅንቃ አይታ ሄደች። እኔም ያን መክፈቻ አንገቷ ላይ ሳየው «አላመነችኝም» አልሁ በልቤ።

እናቴ ሮብ ሮብ ገበያ ትወርዳለች። ቦራውን ፈረሳችንን ድንችና ከሰል ጭና ትመጣና፣ ሸጣ ስታበቃ፣ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ወደ ክፍሌ ትገባለች። ስመለስ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ይጠብቀኛል። ወለሉ ተጠርጎ፣ ድንቹ ተቀቅሎ፣ ሽሮው በጣሳ ተሞልቶ፣ አልጋው ተነጥፎ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብተሮቼን ግን በቁመት በቁመታቸው ትደረድራቸዋለች። የባዮሎጂ ደብተሬን ፍለጋ ስንት ጠዋት አርፍጃለሁ መሰላችሁ! ይሄ ሁሉ ይሁን። አንድ ሮብ ግን የውስጥ ልብሴን አጥባ ግቢው መሐል፣ ወንዶቹ ተከራዮች ውሃ ከሚቀዱበት ቧንቧ ፊት ለፊት አስጥታው ሄደች።

ከጎኔ ባለችው ክፍል የምትኖረው ብዙዬ፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ትርንጎ፣ ባንዲራሽን አውርጂ እንጂ፣ ሰዓት ደርሷል!» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከሁሉም ያበገነኝ ግን የቀዳዳዋ ነገር ነው። እትዬ ዘነቡ መልካም ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ሥራ አይፈታም። ቀዳዳዋ ደግሞ የምትገጥመው ከእሳቸው ደጃፍ ጋር ነው። ስለዚህ አሮጌ ሹራብ ጠቅጥቄ ወተፍኋት። ሮብ ስመለስ ሹራቡ ታጥቦ ተሰጥቶ፣ ቀዳዳዋ ቧ ብላ አገኘኋት። ሐሙስ እወትፋለሁ፤ ሮብ ትከፍታለች። አንድ ቅዳሜ ቤት ስወጣ ጠየቅኋት።

«እማ፣ ቀዳዳዋን ለምን ትከፍቻታለሽ?»

«ቤት ይተንፍስ» አለችኝ፤ ዓይኗ ከምትልጠው ድንች ላይ ሳይነሣ።

ቤት ይተንፍስ! እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። «እትዬ ዘነቡን ሰልሉልኝ ብላቸዋለች፤ የከፈተችው ለእሳቸው ነው» አልሁ። ሁለቱ ሴቶች እንኳን ለስለላ ለሰላምታም በወጉ አይግባቡም፤ የእናቴ ቋንቋ አገውኛ ነው፣ አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ እትዬ ዘነቡ ደግሞ አገውኛ አይሰሙም። ይሄን ቁጭ ብዬ ላስበው? በዐሥራ አምስት ዓመት ሰው የሚያስበው በንዴቱ ነው።

ጥቅምት ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

እሑድ ነው፤ ስንቄን አሸክማኝ ልትሸኘኝ ደጅ ቆማለች። «እማ፣ ቁልፌ ጠፋብኝ» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። የት ጠፋ አላለች፣ እንዴት ጠፋ አላለች። ማተቧን ወደ አፏ ወስዳ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረችው። ከገላዋ ላይ የወጣ ስለሆነ ይሞቅ ነበር። ቁልቁለቱን ከጨረስሁ በኋላ የራሴን ቁልፍ ከጉያዬ አወጣሁና ሁለቱን ባንድ ክር አሰርኋቸው። እስከ እንጅባራ ድረስ እያንቃጨልሁ ገባሁ። ነጻ ወጣሁ እኮ!

በሚቀጥለው ሮብ ከትምህርት በኋላ አልቸኮልሁም። ቤቴን የሚበረብር የለ፣ ምን ያስቸኩለኛል? መረብ ኳስ ስጫወት ቆየሁ። ያን ዓመት አልወጣ ያለው ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልዬ ስስቅ ቆየሁ። ግቢ ስደርስ ቦራው ራሱን ደፍቶ ደጄ ላይ ቆሟል። እናቴ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ማዳበሪያዋ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣብቋል።

«ኧረ ይግቡ ብዬ ብለምን፣ ብለምን፣ እምቢ አሉኝ!» አሉ እትዬ ዘነቡ ከደጃቸው። «እሳት ዳር ይቀመጡ ስል በእጃቸው በርሽን ያሳዩኛል። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እኮ ነው!»

ዐሥር ሰዓት አልፏል። የሦስት ሰዓት መንገድ ይጠብቃታል። ደንግጬ እጄን ኪሴ ከተትሁ። አንዱን ቁልፍ ሳወጣ ሌላው ተከትሎ ወጣ። ሁለቱም በክራቸው እጄ ላይ ተንጠለጠሉ። እናቴ አየቻቸው። እሷ እንዳየች እኔም አየሁ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔዋ ሐሰት ሳምንት እንኳ አልሞላትም።

«ተገኘ?» አለችኝ።

ቁጣ የለበትም። ከልቧ የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። የገደለኝም ያ ነው፤ ብትጮህብኝ እጮህባት ነበር። በሩን ስከፍት ማዳበሪያውን አንሥታ ደፉ ላይ አስቀመጠችው፤ ደፉን ግን አላለፈችም። ቦራውን ይዛ በዝናቡ ውስጥ ሄደች። እኔ እሷ ያረጠበችውን መሬት እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

በተከታዩ ሮብ የመጣው አባቴ ነው። «እናትሽን ሥራ ይዟት ነው» አለና ስንቁን አቀብሎኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባለው ሮብም እሱ፣ በሦስተኛውም እሱ። «ቆርጣ ጣለችኝ» አልሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ፈተና አለብኝ እያልሁ ቤት መውጣት ተውሁ። በየትኛው ዓይኔ ልያት? ሽሮ አሳረርሁ፤ ልብስ ሳጥብ እጄ ተላጠ። ደብተሮቼ ከአልጋ ሥር ተበታትነው ሳያቸው በቁመት የሚደረድራቸው እጅ ናፈቀኝ።

«ሂጂና እግሯ ላይ ውደቂ» ትለኛለች ብዙዬ።

«ምን አጠፋሁና?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ያደግሁት አክስቴ ጋ ነው። እናት ኖራኝ ብትመጣልኝማ ባንዲራውን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ትስቀለው!»

ሳቅሁ፤ ግን ከሳቄ በኋላ ወደ ክፍሌ ገብቼ አለቀስሁ።

ኅዳር ገባ። የእንጅባራን ብርድ ለማያውቀው አይነገርም፤ አጥንት ይቆጥራል። አንድ ቅዳሜ ብዙዬም ሌሎቹም ተማሪዎች ወደየቀያቸው ወጥተው ግቢው ጭር አለ። ከማዳበሪያው ከሰል ዘግኜ ምድጃው ላይ አቀጣጠልሁና ወደ ክፍሌ አስገባሁት። በሩን ቀረቀርሁ፤ መስኮቱን ዘጋሁ። ቀዳዳዋ ከአራት ሳምንት በፊት እንደ ተወተፈች ናት፤ የሚከፍታት አልመጣም።

የከሰለኛ ልጅ ይሄን አታውቅም? ትሉኛላችሁ። አላውቅም ነበር። እኛ ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ተክለን፣ ቆርጠን፣ አፈር አልብሰን እናከስላለን እንጂ ከሰል አንሞቅም። ከሰል ለከተማ ሰው ነው። በእኛ ቤት የሚነደው እንጨት ነው፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ በሣር ክዳኑ ሾልኮ ይወጣል። ከሰሉ ግን ጭስ የለው፣ ጣጣ የለው! ፍም መስሎ ቀላ፤ ክፍሏ ሞቀች። «የከተማ ሰው ዐዋቂ ነው» እያልሁ ደብተሬን ይዤ ተጋደምሁ። ራሴን ያመኝ ጀመር። ፊደሉ ተዘባረቀብኝ። ልነሣ ስል እግሬ የሰው እግር ሆነ። በእጄና በጉልበቴ ወደ በሩ ስድህ ትዝ ይለኛል፤ መቀርቀሪያው ሩቅ ነበር።

በሩን አሰብረው ያወጡኝ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ያ ሥራ የማይፈታው ዓይናቸው በሩ ከተዘጋ እንደቆየ ልብ ብሎ፣ ቢጠሩኝ ዝም ስል ጎረቤት ጠርተው ነው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ስነቃ ነርሷ «የማን ልጅ ነሽ?» ብትለኝ «የከሰለኛ» አልኋት አሉ። እኔ አላስታውሰውም፤ እትዬ ዘነቡ ግን ለሰው ሁሉ ሲያወሩት ኖረዋል።

ለአባቴ ተደወለለት። በቀያችን ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የሰማው በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ እኔ ክፍሌ ተመልሼ ተኝቼ ሁለቱም ከተፍ አሉ። እናቴ መንገዱን ሮጣው ነው የመጣችው፤ ነጠላ ጫማዋ ተበጥሶ በእጇ ይዛዋለች። ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ እጄን ዳበሰች።

አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ። «ከተማረ ሬሳ ያልተማረ ሰው ይሻለኛል።»

ትምህርቴ እዚህ ላይ አበቃ አልሁ። ከቀያችን እንዲህ ተሰብስባ የተመለሰች ልጅ ዳግመኛ ወደ ከተማ ስትወርድ አላየሁም። እናቴ ትከራከርልኛለች ብዬማ አላሰብሁም። ቁልፌን አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት እኔን ቤቷ ብታገኝ ምን ገዷት?

እሷ ግን ወደ ላይ ታያለች። ተነሥታ እጇን ዘረጋችና ሹራቡን ከቀዳዳዋ መዝዛ አወጣችው።

«ማን ወተፋት?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እትዬ ዘነቡ እንዳያዩኝ።»

ሹራቡን ደረቷ ላይ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቀርከሃው ጮኸ። ከዚያ እናቴ፣ ዓመት ሙሉ ከምታወራው የበለጠ ባንድ ጊዜ አወራች።

«ልጅ ሆኜ፣ ማክሰያው ጉድጓድ አጠገብ ለሙቀት ብሎ የተኛ ሰው እዚያው ሲቀር አይቻለሁ። ከሰል ጭስ ሳይኖረው እንደሚገድል ዐውቃለሁ። ሮብ ሮብ የምመጣው ለዚህ ነው፤ ድንቹ ሰበብ ነው። ያችን ቀዳዳ ልከፍት ነው የምመጣው። ከፍቼልሽ እሄዳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርሁሽም። ሁሉን በእጄ ሠራሁልሽ እንጂ በአፌ አላስተማርሁሽም። በኋላም በቁልፉ ስታጭበረብሪኝ አኮረፍሁ፤ ባኮርፍስ፣ ያን ብቻ ነግሬሽ ባኮርፍ ምን ነበረበት? ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እማ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት…»

«አንቺማ ዋሽተሻል» አለች፤ ፊቷ ሳይለወጥ። «እሱን በኋላ እናገኘዋለን።»

አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ። «በሉ ተነሡ፣ ሳይመሽ እንጫን» አለ።

«አትሄድም» አለችው እናቴ።

«ምን?»

«እዚሁ ትቆያለች። ትማራለች።»

«አንቺ ነሽ ይሄን የምትዪ? ከሄደች ጀምሮ እንቅልፍ በዓይንሽ ያልዞረው ሴትዮ?»

«እኔው ነኝ። ቤት ብንወስዳት ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ስከፍትላት እኖራለሁ። እኔ የሌለሁ ቀን ማን ይከፍትላታል?»

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። መልሶ አጠለቀው። ከዚያ ወጣና የተሰበረውን መቀርቀሪያ የሚመታበት ድንጋይ ይፈልግ ጀመር። እኔ ዛሬ ደፋር ሰው ሲባል ሌላ አይመጣልኝም፤ እሷ ናት የምትመጣልኝ። ልጇን ከሞት አፍ ያገኘች እናት አቅፋት ወደ ቤቷ ብትሮጥ ማን ይወቅሳታል? እሷ ግን እዚያው ተወችኝ። ለራሴም እንዲህ ያለ አንጀት ይስጠኝ እላለሁ።

ያን ቀን ምድጃውን ደጅ አስወጣችኝ። ከሰል ቤት ውስጥ እንደማይገባ፣ ወጡ ደጅ በስሎ ድስቱ ብቻ እንደሚገባ፣ ለብርዱ ጋቢ እንዳለ ነገረችኝ፤ የራሷን ጋቢ ከትከሻዋ አውርዳ አልጋዬ ላይ ጣለችልኝ። ከሰሉን ያቀጣጠልሁት እኔ ነኝ፣ ሽሮውን ያማሰልሁት እኔ ነኝ። እሷ እጇን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ታየኛለች። ሽሮው ሊገነፍል ሲል ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች።

ሊሄዱ ሲሉ አንዱን ቁልፍ ከክሩ ፈትቼ ዘረጋሁላት። «እንቺ እማ፤ የአንቺ ነው» አልኋት። እጇ ትንሽ ተነሣ፤ ተመለሰ።

«ሁለቱንም ያዣቸው። ያንቺ ቁልፍ መጥፋት ይወዳል» አለችኝ፤ የከንፈሯ ጫፍ ሳቀ። «ቤቱ ያንቺ ነው። እኔ ስመጣ እጣራለሁ።»

ሮብ ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ ተመለስሁ። ቤቱን ጠረግሁ፤ ደብተሮቼን በቁመት በቁመታቸው ደረደርሁ፤ ደጅ ሽሮ ሠርቼ አስገባሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥሁ። የቦራው ኮቴ ወደ ግቢው ሲገባ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጥላዋ ከደፉ ወዲያ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም።

«ቤቶች!» አለች እናቴ።

ትልቅ ሰው በትልቅ ሰው ደጅ ቆሞ እንደሚጣራው ነው የተጣራችው። ዘጠኝ ወር የተሸከመችኝ ሴት ደጄ ላይ ቆማ እስክመልስላት ትጠብቃለች።

«ማነው?» አልሁ፤ ወጉ እንዲያ ነውና።

«እኔ ነኝ። ደህና ዋላችሁ?»

«ደህና። ግቢ፣ እማ።»

ገባች። መጀመሪያ ቀና ብላ ቀዳዳዋን አየች፤ ክፍት ናት። ከዚያ ባሳየኋት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አልጋዬ ተጣሞ ነበር የተነጠፈው። ዓይኗ እዚያ ላይ ይመላለሳል፤ እጇ ግን የነጠላዋን ጫፍ ያጥፋል፣ ይዘረጋል እንጂ ከጭኗ አልተነሣም። ሽሮዬን አቀረብሁላት። አንድ ጉርሻ ዋጠች፣ ቆም አለች፣ ውሃ ጠጣች።

«የሰው ቤት ወጥ አይነቀፍም» አለች። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ልትሄድ ስትነሣ ደፉ ላይ ቆመች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «የፊታችን ሮብ ልምጣ?» አለችኝ። እናቴ እስከዚያ ቀን ልምጣ ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

«ነይ» አልኋት። «ሁልጊዜ ነይ።»

ዞራ አየችኝ። «ሁልጊዜማ አይሆንም» አለች። «ሮብ ሮብ ይበቃል።»